«ወላጅ አምጣ» ለሚባለው ተማሪ

በላሊበላና በላስታ ገጠር ለምታስተምሩና ትምህርት ቤት ለምትመሩ ሁሉ፣

ተማሪ ጫት ሲቅም ሲያዝ፣ ወይም አረቄ አረቄ እየሸተተ ሲመጣ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚደረገው አንድ ነው፤ ደብተሩን ይዞ ይውጣ፣ ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ። ይህን አሠራር እንድትተዉት ልለምናችሁ ነው የምጽፈው።

ወላጁን ከየት ያምጣ? ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ስንቁን የሚያገኘው ለቅዳሜ ገበያ በሚወርድ ሰው እጅ ነው። ብቻውን ያበስላል፣ ብቻውን ያድራል። ሲመሽ «የት ነበርክ?» የሚለው ታላቅ የለም፤ «ና እንሂድ» የሚለው ጓደኛ ግን አለ። የቀን መንገድ ተጉዞ አባቱን ከእርሻ ከመጥራት ትምህርቱን መተው ይቀለዋል፤ የሚተወውም ብዙ ነው።

የከተማውም ልጅ ቢሆን ያየውን አይቷል። መጋቢት 2012 ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ፤ የአስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ የጫማ ጠባቂው ቤት ባዶ ቀረ። ሐምሌ 2013 ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት። የዛሬዎቹ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይህ ሁሉ ሲጀምር ገና ልጆች ነበሩ።

የልጅነት መከራ ኋላ ምን እንደሚያስከትል ተመራማሪዎቹ ፌሊቲ፣ አንዳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ከ9,500 በላይ አሜሪካውያን ጎልማሶችን ጠይቀው ያወጡት ጥናት አለ። በልጅነታቸው አራት ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። መከራ ያየ ሁሉ ሱሰኛ ይሆናል ማለት አይደለም። የተሸከመውን ልጅ ግን በር ላይ ማቆም ሸክም መጨመር ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ የሚጠይቀው ሻጩን ነው፤ እኛ የምንቀጣው ገዢውን ልጅ። (አረቄ የምትሸጠውም ብዙ ጊዜ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት፤ እሷንም በወግ ማነጋገር ይገባል።) ሰኔ 19 በሰልፍ ላይ የሚነበበው የፀረ ዕፅ ቀን ንግግር ሻጩን መጠየቅን አይተካም።

ከመቅጣት ሌላ መንገድም አለ። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ወላጆች ማታ ማታ መንገድ ላይ ወጡ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ስፖርትና ሙዚቃ ተመቻቸላቸው። እኛ የአይስላንድ ገንዘብ የለንም። አከራዮች፣ የንስሐ አባቶች፣ ዕድሮች ግን አሉን።

ስለዚህ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን በመስከረም መዝግቡ። ለእያንዳንዳቸው በአካባቢው የሚጠራ አንድ አዋቂ ይኑራቸው፤ አከራይቱ ወይም አክስቱ ስትመጣ እንደ ወላጅ ተቀበሏት። ጉዳዩ እስኪታይም ልጁ ከክፍል አይውጣ።