መነንም በሏት የካቲት 12፣ መቶ ዓመት ሊሞላት ነው

ለትምህርት ቤታችን ልጆች ሁሉ የቀረበ ጥሪ

ስድስት ኪሎ ያለችው ትምህርት ቤታችን መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። እቴጌ መነን አስፋው ለሴቶች ልጆች ያሠሯትን ትምህርት ቤት የከፈቱት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ነበር፤ መቶኛው ዓመት በእኛ ቆጠራ ከ2023 አጋማሽ እስከ 2024 ድረስ ይዘልቃል። «ገና ነው» የምትሉ አላችሁ፤ እሰማችኋለሁ። ግን የአንድ ቀን ሠርግ እንኳ ጌሾው አስቀድሞ ይወቀጣል፤ እኛ የምንደግሰው የመቶ ዓመት ነው።

ደግሞስ እኔን የሚያስቸኩለኝ ድግሱ አይደለም። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሻንጣቸውን ይዘው በአዳሪነት የገቡት ልጃገረዶች ዛሬ ሰማንያንም ዘጠናንም የደፈኑ እናቶች ናቸው። ሁሉም እስከ በዓሉ ቀን ይጠብቁናል ብሎ ማሰብ ራስን ማሞኘት ነው። ልጅቷን ከአገሯ ማን አመጣት? አባቷ ወዶ ሰጠ ወይስ ሽማግሌ ተላከበት? ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ ምን ይወራ ነበር? ትምህርቱ የከበዳትን ማን አስጠናት? ለፋሲካ አገሯ መግባት ያልቻለችው የት ፈሰከች? ይህን ከቢሮ ፋይል ቆፍረን አናወጣውም። እትዬ እገሊት ቤት ቡና እየጠጣን ነው የምንሰማው፤ ያውም እትዬ እገሊት በሕይወት ካሉልን።

ስለዚህ ነገሩን በእሳቸው እንጀምር። እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ አያታችሁ ወይም የሠፈራችሁ እማማ የመነን ልጅ ከነበሩ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቋቸው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፤ ሌላ ዕቃ አያሻችሁም። ግሳጼ ቢጤ ቢመጣባችሁም ታገሡ፤ አዳሪ ቤት ያደጉ ሴቶች አልጋ አነጣጠፋችንን ሳይተቹ አይውሉም።

ምን እንደምናከብርም ከወዲሁ እንወቅ። እቴጌይቱ ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከግል ገንዘባቸው አውጥተው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። «ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በየሳሎኑ በሚነገርበት ዘመን፣ ልጃገረድን ከእናቷ ጓዳ አውጥቶ ከከተማ ማሳደር ቀላል ድፍረት አልነበረም። እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ይባላሉ። የደሴው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። የእናትና የልጅ ስም በሁለት ከተማ ትምህርት ቤት ሆኖ መቅረቱን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? በዓላችን ሲደርስ የደሴዎቹ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን እንደ እንግዳ ከኋላ ወንበር መቀመጥ የለባቸውም፤ ቤተ ዘመድ ናቸው።

ትምህርት ቤቷ አምስት ዓመት እንኳ በወጉ ሳትቆም ጣሊያን ገባ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ደግሞ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ፣ ቦታው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። የተማረ ሁሉ እየታደነ ተገደለ፣ ታሰረ፣ ተጋዘ። የስድስት ኪሎው ሐውልት የቆመው ለእነዚያ ሰማዕታት ነው።

ከተጋዙት መካከል አንዲት ወጣት ነበረች። ስንዱ ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ። በስዊዘርላንድ ተምራ የተመለሰች፣ ወረራው ሲመጣ ከአርበኞች ጎን የተሰለፈች፣ ተይዛም ወደ ጣሊያን፣ ወደ አሲናራ ደሴት የተላከች። እህቷ የውብዳርም ግዞቱ አልቀረላትም። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተብለው በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው፣ በ2015 መጋቢት ውስጥ በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚሁ የውብዳር ናቸው። እማሆይ በልጅነታቸው ከስዊዘርላንድ መልስ የተማሩት በእኛው ግቢ ነበር። ስንዱ ደግሞ አገር ነጻ ስትወጣ ተመልሰው የዚያው ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየደረሱ አስጠኑ። «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፉ። በፈረንጆቹ 1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድረው በምርጫ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት።

በወይዘሮ ስንዱ ታሪክ ላይ መዘግየቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አብዮቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቷ «የካቲት 12» ተባለች፤ ወንዶችም ገቡባት። እኔም በዚያ ስም ከተማሩት ነኝ፤ ትራንስክሪፕቴ ላይ የእቴጌይቱ ስም የለም። ዛሬ ደግሞ ግቢው የእቴጌ መነን የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። ደስ ብሎኛል። ግን ከዚህ ደስታ ጋር አንድ ስጋት አለኝ፤ በዓሉ ሲቀርብ «የእውነተኛዋ መነን ልጅ ማን ናት?» የሚል ክርክር እንዳይነሣ። አዳሪዋ ተመላላሿን፣ የንጉሡ ዘመኗ የደርግ ዘመኗን፣ ሴቶቹ ወንዶቹን «እናንተማ በመሀል የገባችሁ ናችሁ» ያሉ ዕለት በዓሉ ፈረሰ ማለት ነው። የመነን ዳይሬክተር የነበሩት ሴት በግዞት የከረሙት የካቲት 12ን በወለደው ወረራ ነው። ሁለቱ ስሞች በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ከተገናኙ እኛ የምንለያያቸው በምን አንደበት ነው? በየትኛውም ስም፣ በየትኛውም መንግሥት፣ በዚያ በር የገባ ሁሉ የበዓሉ ባለቤት ነው። ይህ ካልተስማማን የቀረውን ባንጀምረው ይሻላል።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ እናንተንም መጥራቴ ነው። «የሴቶች ትምህርት ቤት ነው፤ ምን አገባኝ» ብላችሁ እንዳትቀሩ። በዚያ ግቢ ባንዲራ ስትሰቅሉ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ግጥም ስታነቡ፣ አርፍዳችሁ በር ላይ ስትንበረከኩ እናውቃችኋለን።

አሁን ወደ ሥራው። የኢዮቤልዩ ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የቲሸርቱ ቀለም ነው። ቀጥሎ ኬኩ። ቀጥሎ የባለ ብዙ ገጽ ልዩ ዕትም መጽሔት፣ ግማሹ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የድርጅት ማስታወቂያ የሞላበት። ቲሸርቱን አልጠላም፤ እኔም እለብሳለሁ። ነገር ግን ከበዓሉ ማግስት በግቢው ውስጥ የሚቀር ነገር ካልሠራን፣ መቶ ዓመቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ በልተን ጨረስነው ማለት ነው።

የሚቀረው ነገር ምን ይሁን? እኔ ሁለት ነገር አጥብቄ እላለሁ። አንደኛው የመታሰቢያ ክፍል ነው። ከግቢው አንድ ክፍል እንለምን፤ ሙዚየም የሚል ትልቅ ስም እንኳ ባንሰጠው ግድ የለም። የደንብ ልብስ ያስቀመጠ ይስጥ፤ ፎቶ ያለው ፎቶውን ያስገልብጥና ዋናውን ለራሱ ያስቀር፤ ሪፖርት ካርድ፣ የጥልፍ ሥራ፣ የስፖርት ሜዳሊያ፣ የቴአትር ፕሮግራም፣ ከቤት የተላከ ደብዳቤ ይምጣ። ከሁሉም በላይ መዝገቡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ልጆች እስከ ዘንድሮዎቹ ድረስ ስማቸው በተርታ የሚሰፍርበት መዝገብ። እዚያ ላይ ተማሪና መምህር ብቻ አይደለም የሚጻፈው። እንጀራውን የጋገሩት፣ ሌሊት በሩን የጠበቁት፣ ስንታመም ያስታመሙን ሞግዚቶች ስማቸው ይግባ። እነሱ በምንም ፎቶ ላይ ስለማይገኙ ከማስታወሳችን ውጪ ማስረጃ የላቸውም።

ሁለተኛው ከአጥሩ ውጪ ነው፤ እዚህ ላይ ሁላችሁም እንደማትስማሙኝ አውቃለሁ። ዛሬ በአዳሪነት የሚገቡት ልጆች በውጤታቸው ተመርጠው የሚገቡ ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው፤ እንኮራባቸዋለን። ችግሩ ያልተመረጡት ጋ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት የአገራችን ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ገና የሚያስደነግጥ ነው። እቴጌይቱ ትምህርት ቤት የከፈቱት የመማር ዕድል ለጠበባቸው ሴቶች ልጆች ነው። እንግዲያው የመቶ ዓመቱ ስጦታ ቀለም የተቀባ አጥር ከሚሆን፣ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ላሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች የቅዳሜ ጥናት ቢሆን ምን ይለናል? ሒሳብ የምትችል ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ የምትችል እንግሊዝኛ ታስጠና። መሐንዲሷ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት በወር አንዲት ቅዳሜ ብትሰጥ ክፍሎቹ ይሞላሉ። አዳሪዎቹ ልጆችም ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፤ ማስጠናት ራሱ ያስጠናቸዋል። ሞዴስ በማጣት ከክፍል የምትቀር ልጅ አሁንም አለች፤ እሱንም በዝምታ ሳናልፈው አብረን እንያዘው።

ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አዎ። ግን በገንዘብ አንጀምር። ቀድሞ መዝገቡ ይያዝ፣ ስሙ ይሰብሰብ፣ ሰዉ ይተዋወቅ፤ ከዚያ በሕግ የተመዘገበ ማኅበር፣ በየዓመቱ በኦዲተር የሚመረመር ሒሳብ። የማንም የግል ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም ግሩፕ እየተላከ ብር እንዳይሰበሰብ ከአሁኑ እንማማል። በጎ ሥራ በጥርጣሬ ሲሞት ብዙ ጊዜ አይተናል። ሊቀመንበርነቱንም ለሚሠራበት እንተውለት፤ ለማዕረግ የሚፈልገው ካለ የክብር ሰብሳቢ እንበለውና ፊት ወንበር ይቀመጥ።

ዋሽንግተንም፣ ለንደንም፣ ዱባይም ያላችሁ እህቶቻችን፣ እናንተን ሰው ሁሉ የሚያስታውሳችሁ መዋጮ ሲያስፈልግ ነው፤ ይቅርታ። አሁን የምንፈልገው ሌላ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ፎቶዎች ከእናንተ ጋር ነው የተሰደዱት፤ በአልበም ይዛችኋቸው ወጥታችኋል። ብዙዎቹ አረጋውያን እትዬዎቻችንም ከልጆቻቸው ጋር እዚያው እናንተ ዘንድ ናቸው። በየከተማችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ቤታቸው ሂዱ፤ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ፎቶዎቹን ስካን አድርጉና ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ጭምር ላኩልን። ከጀርባው ያለው ስምና ቀን አንዳንዴ ከፊቱ ይበልጣል።

ለበዓሉ ዕለት ደግሞ አንድ ምኞት አለኝ፤ ኮሚቴው ይስማኝ። ወይዘሮ ስንዱ ለልጃገረዶች የደረሱትን ዓይነት ቴአትር በዚያን ጊዜ የሚማሩት ልጆች ራሳቸው ጽፈው መድረክ ላይ ያውጡ። የእማሆይ ሙዚቃ በዚያው በተማሩበት ግቢ በልጆቹ እጅ ይሰማ። ፒያኖ የለንም ከሆነ ፒያኖ መግዣ ጊዜው አሁን ነው፤ አስተማሪ መፈለጊያውም። ልጅ ፒያኖ የምትለምደው በአንድ ወር አይደለም፤ እየቸኮልኩ ያለሁት ለዚህም ጭምር ነው።

የት እንገናኝ? አዳራሽ አንከራይ። በየዓመቱ የካቲት 12 ጠዋት በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አባት አርበኞች ይመጣሉ። በመጪው የካቲት 12 እኛም እንምጣ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ወደ ቤት አንበተን፤ ሰብሰብ ብለን ወደ ትምህርት ቤታችን በር እንሂድ። እዚያ በር ላይ መዝገብ ይኖራል፤ ስም፣ የገባችሁበት ዓመት፣ በየትኛው ስም እንደተመረቃችሁ፣ ምን ልታደርጉ እንደምትችሉ ትጽፋላችሁ። እትዬዎቻችንን በመኪና የምታመጡ፣ ወንበር አትርሱ፤ ቆመው አይጠብቁን። ፎቶ ያላችሁ ፎቶ ያዙ። ሌሎቻችሁ እስክሪብቶ ያዙ፤ ስልካችሁን ደግሞ ሌሊቱን ቻርጅ አድርጋችሁ እደሩ፤ የምንቀዳው ብዙ ነው።