የ12ኛ ክፍል ሯጭ ሁለት ፈተና

አገር አቋራጭ የሚሮጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ዓመት የሚያሳልፈው በሁለት ፈተና መካከል ነው። በበጋው ለዓለም ሻምፒዮና ቡድን ሲመረጥበት የኖረው የጃን ሜዳ ውድድር ይጠብቀዋል። ክረምት ሲገባ ብሔራዊ ፈተናው ይደርሳል። ንጋት ላይ ልምምድ ሠርቶ ክፍል ይገባል፣ ማታ ደክሞት ሳለ ደብተር ይገልጣል። ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ደግሞ የለመደው አሰልጣኝም ሜዳም የለም። ሁለቱን ፈተናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ልጅ እንዴት ይወጣቸው?» ብሎ የሚጠይቅለት አካል እስካሁን አላየሁም።

የፈተናውን ክብደት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ይህን የሰማ ሯጭ «በመጽሐፉ አይሳካልኝም፣ በእግሬ ልሞክር» ቢል አይፈረድበትም። ግን የሩጫው በርም ጠባብ ነው። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከ20 ዓመት በታች አንድ አገር የሚያሰልፈው 6 ወንድና 6 ሴት ነው፤ ወንዶቹ 8፣ ሴቶቹ 6 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ውድድሩም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ የዕድሜ ገደቡ ሳያልፈው አንድ ልጅ ዕድሉን የሚያገኘው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። በዚያ ሰሞን ጉንፋን ከያዘው፣ ወይም ጅማቱ ከታመመ፣ ሁለት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

የእኛን ሩጫ ያሳደገው ትምህርት ቤት መሆኑን ረስተናል። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አጠገብ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይማር ነበር፤ ደብተሩን ያቀፈበት ግራ እጁ ዓለምን ባሸነፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደታጠፈ ቀርቷል። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በጅምራቸው የያዘው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። የጥሩነሽ ታሪክ ደግሞ ሁሌም ያሳስበኛል። ከበቆጂ አዲስ አበባ የመጣችው ለመማር ነበር፤ የምዝገባው ጊዜ ስላለፈባት ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። አገራችን በዚህ ታላቅ አትሌት አገኘች፤ ደስም ብሎናል። ግን በዚያው መንገድ ደብተራቸውን ትተው የወጡት፣ ክለብ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይተው በጉዳት የተመለሱት የት እንደደረሱ ማን ይከታተላል? ከእነርሱ መካከል አብዛኞቹን የሚያውቃቸው የሰፈራቸው ሰው ብቻ ነው።

ለንጽጽር፣ አሜሪካ ባሉ ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ወቅት ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ኅዳር ነው፤ ርቀቱ ባብዛኛው 5 ኪሎ ሜትር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በዚያ ወቅት የሚሮጠው ሰዓት የዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርት ዕድል ሊያመጣለት ይችላል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱት ያሬድ ንጉሤ ሩጫ የጀመረው ኬንታኪ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ነው። ኖትረ ዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ሮጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ወሰደ። ጎረቤታችን ኬንያም ይህን መንገድ አውቃበታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ባተርስት ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነው እስማኤል ኪፕኩሩይ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የ10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮና አሸነፈ። ልጃችን በእግሩ ከእነዚህ ባያንስም፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃና በቂ እንግሊዝኛ ካልያዘ ያ በር አይከፈትለትም። ከ10ኛ ክፍል አስወጥተን ክለብ የምናስገባው ልጅ ይህን ዕድል የሚያጣው ገና ሳያውቀው ነው።

ለእኔ መፍትሔው ክለቦችን ከመውቀስ የሚጀምር አይመስለኝም። ክለብ ለገበሬ ልጅ ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ሰጥቷል፤ ወላጅም «ተማር» ከማለት ይልቅ «ሂድ» ቢል ቤቱ ያለውን ችግር አይቶ ነው። ጎድሎ የማየው የትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው የውድድር ወቅት ነው። ወረዳ ከወረዳ፣ ዞን ከዞን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የሚሮጥበት፣ መምህሩ ሰዓት የሚይዝበት፣ ልጁ የትምህርት ቤቱን ማልያ ለብሶ ጨርሶ ሰኞ ክፍል የሚገኝበት ወቅት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜዳ አርሲም፣ ሰሜን ሸዋም፣ ጎጃምም በየደጁ አለ።

የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና ትምህርት ሚኒስቴር አብረው ሁለት ነገር መወሰን ይችላሉ። አንደኛው፣ ዕድሜው ለትምህርት የሆነ ልጅ የሚያስፈርም ክለብ ወይም ማናጀር የትምህርት ቤት ምዝገባውን በየዓመቱ እንዲያቀርብ። ሁለተኛው፣ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ትምህርት ያመለጠው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከፈተናው በፊት ማካካሻ ትምህርት እንዲያገኝ። ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ቢበዛ አሥራ ሁለት ልጅ ነው፤ ሁለት መምህር ቡድኑ እስካረፈበት ሆቴል ድረስ መላክ ይበቃል። የሚቀጥለው ቡድን ካምፕ ከመግባቱ በፊት ይህን መጀመር ይቻላል።