የጭቃ በሬና የወርቅ ጋኔን

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ አሣ ቤት ነው። ወዳጄ አሣው እስኪመጣ ስልኩን አቀበለኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ደቅኖ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ምስል ቀለም ይቀባል። ምስሏ ጋሻና ጦር የያዘች፣ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ ነገር ናት። ወዳጄ ከት ብሎ ሳቀ። «እየው እስቲ ይኼን ሽማግሌ! የልጅ መጫወቻ ይዞ! ደግሞኮ ለውድድር ነው አሉ። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ግን አሣውን በልተን ሳንጨርስ ሳቁ እንደ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

ነገሩን ላስረዳ። እነዚህን ትንንሽ ምስሎች የሚሠራ ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ «ጎልደን ዲመን» የተባለ የቀለም ቅብ ውድድር ያካሂዳል። ወደ እኛ ሲመለስ «የወርቅ ጋኔን» መሆኑ ነው፤ እናቴ ብትሰማ ሦስቴ ታማትባለች። የበላይ አሸናፊው የሚሸለመው ጎራዴ ነው፤ የአሻንጉሊት ሳይሆን የእውነት፣ ትልቅ ጎራዴ። ታዲያ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ምስሉ ቀለም እንዲይዝ መነሻ ቀለም ይረጭበታል። ከዚያ በውኃ የቀጠነ ቀለም በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተከተለ ይደራረባል። ቀጥሎ ጠቆር ያለ ቀጭን ቀለም ይለቀቅበታል፤ እሱ በልብሱ እጥፋትና በጣቶቹ መካከል ሰርጎ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ብርሃን የሚያርፍበት ጠርዝ ብቻ በብሩሽ ጫፍ ነካ ነካ ይደረጋል። የዓይኑን ብሌን ለመሳል ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። ዳኞቹም ምስሉን እያገላበጡ እጥፋት በእጥፋት ይመረምሩታል።

«ሰው ሲጠግብ» ላለው ወዳጄ ደግሞ ይህን ልንገረው፤ ይኸው የመጫወቻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የለንደን አክሲዮን ገበያ 100 ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዓመታዊ ሽያጩም ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ጠግበው መጫወታቸውን እንጃ፤ እየተጫወቱ መጥገባቸውን ግን አይቻለሁ።

ዘንዶውና አውሬውስ ቢሆን ለእኛ ምኑ ብርቅ ነው? ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነዘንዶው ያልተሳለበት ቤተ ክርስቲያን የት አለ? ዘንዶ አይቶ የሳለ ሠዓሊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እስቲ እኛ ልጅ ሳለን እናስታውስ። ዝናብ ሲያባራ ጭቃ አቡክቶ በሬ ያልሠራ ማን አለ? ሻኛውን ከፍ፣ እምብርቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀንዱን በስንጥር ሰክቶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ከጎረቤት ልጅ በሬ ጋር ያላወዳደረ? ያ ውድድር ዳኛ ነበረው፤ ዳኞቹም እኛው ነበርን፣ ምሕረት የማናውቅ። ከዚያስ? ከዚያማ እናት ወይም አባት ከቤት ብቅ ይላሉ። አንድ ጥፊ። «ልብስህን በጭቃ ለወስከው! ሸክላ ሠሪ ልትሆን ነው እንዴ?»

የበሽታው ስም እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ጥፊው ስለ ልብሱ ብቻ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የሚሠራው የተማሪው እጅ ሳይሆን የወላጁ ኪስ ነበር። እኔ ራሴ ከገበያ በተገዛ ሰፌድ ከአሥር ዘጠኝ አግኝቻለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በገዛ እጁ የጭቃ አንበሳ ሠርቶ አመጣ። ጋማው ፀጉር በፀጉር ተለይቶ ይታይ ነበር። «ተሰነጣጥቋል» ተብሎ አምስት ተሰጠው። ሁለተኛ ጭቃ ሲነካ አላየሁትም። እኔም ሰፌድ መስፋት እስከ ዛሬ አልችልም፤ ዘጠኙ ግን በካርዴ ላይ ነበር።

በጋሞ ደጋ ሸክላ የምትሠራ ሴት የሚሽከረከር ገበቴ የላትም። ጭቃውን በእጇ እያዞረች፣ በዓይኗ እየለካች ታነሳዋለች። ይህች ሴትና ቆዳ ፋቂው ጎረቤቷ ለረጅም ዘመን ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ፣ መሬት እንዳይኖራቸው፣ በአደባባይ ሸንጎ እንዳይቀመጡ፣ ሲሞቱም ለብቻ እንዲቀበሩ ሲደረጉ ኖረዋል። ሕጉ ከተለወጠ ቆየ፤ ጋብቻ ሲነሳ ግን «የማን ዘር ነው?» የሚለው ሹክሹክታ አሁንም አለ። በእሷ ማሰሮ ውኃ እየጠጣን፣ በእሷ ድስት ወጥ እየሠራን!

ይህ ደግሞ የጋሞ ብቻ ኃጢአት አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ስድቡ አዋጁን ቀብሮ ዛሬም በሕይወት አለ።

ጎንደር አጠገብ ወለቃን ተመልከቱ። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ከጭቃ ትንንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ ቄሱን፣ አንበሳውን፣ ባልና ሚስቱን። በቀን «ቡዳ» ይባላሉ፣ ምስላቸውን ግን ቱሪስቱ ይሻማበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ዛሬ ወለቃ መንገድ ዳር ምስሎቹ፣ የዳዊት ኮከብ ታትሞባቸው፣ አሁንም ይሸጣሉ። የሚሸጡት ግን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ባለሙያዋን አባረን ሙያዋን በእሷ ስም እንቸረችራለን።

ወደ ጋሞ ልመለስ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ፣ ዶርዜ መዳረሻ ላይ፣ ልጆች መኪናውን እየተከተሉ ይጨፍራሉ፣ «ጋሼ ግዛኝ!» ይላሉ። በእጃቸው የዶርዜ ቤት በትንሹ ተሠርቶ ይዘዋል፤ የዝሆን ግንባር የመሰለው፣ ከቀርከሃ የተጠለፈው። እውነተኛው ቤት አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ቦታ ይቀይሩለታል። ይህን ሁሉ በጣት በሚለካ ቀርከሃ የሚያሳይ ሰው አለ። ችግሩ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዋጋ ይጠይቃል፣ በአንድ ቋንቋ ይከራከራል። አፍንጫውን በትክክል ለማጠፍ ግማሽ ቀን የፈጀውና በችኮላ በሙጫ ያጣበቀው እኩል ያገኛሉ። እንዲህ በሆነ ገበያ ቀድሞ የሚወጣው ጥሩው ሠሪ ነው። ለምን ይድከም? ከዚያ እኛው ተመልሰን «የሀገር ውስጥ እቃ ጥራት የለውም» እንላለን።

ስለዚህ የፈረንጁ ጋኔን ሳይሆን የፈረንጁ ዳኛ ነው የሚያስቀናኝ። ሠሪውን በስሙ ጠርቶ፣ ሥራውን አገላብጦ፣ «ይህ እጥፋት ጥሩ ነው፣ ይህ ጥላ ግን ቸኩለህበታል» የሚለው። ለመስቀል በዓል ጋሞ ከያለበት አገሩ ይገባል። በዚያ ሰሞን ጨንቻ ወይም አርባ ምንጭ ላይ አንድ ጠረጴዛ ማውጣት ስንት በጀት ይጠይቃል? የጭቃ በሬው፣ የቀርከሃው ቤት፣ የእንጨቱ አዞ ይደርደርበት። በእያንዳንዱ ሥር የሠሪው ስም ይጻፍ። ከዳኞቹ መካከልም ቢያንስ ሁለቱ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይሁኑ።

«ሽማግሌዎቹ እሺ አይሉም» ያለኝ ሰው አለ። በመስከረም 2011 በቡራዩ ወገኖቻቸው ሲገደሉ በቁጣ የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ያን የቻለ ሽማግሌ አንዲትን ሸክላ ሠሪ ከዳኞች ወንበር ላይ ማስቀመጥ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የሚያቅተው እኛን ነው፤ የተማርነውን፣ በአሣ ቤት ተቀምጠን የምንስቀውን።

«ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ ስለ አሻንጉሊት?» የሚልም አይጠፋም። ለዚያ ልጅ ዳቦው እሷው ናት እኮ!

ባለፈው ከጨንቻ ስመለስ ከአንዱ ልጅ አንዲት ቤት ገዛሁ። እንደ ልማዴ ተከራክሬ፣ በግማሽ ዋጋ። መኪናው ሳይነሳ ገለበጥኳትና ሥሯን አየሁ፤ ከሙጫ ጠብታ በቀር ምንም የለም።

«ማን ነው የሠራት?» አልኩት።

«አያቴ።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

ልጁ ወደ ኋላ የመጣውን ሌላ መኪና እያየ፣ «ጋሼ፣ ስሙ ምን ያደርግልሃል? ብሩን ጨምር» አለኝና ሮጠ።