መድኃኒቱስ ደረሰ፤ አስተማሪውስ?

በየአገሩ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ነጭ ጋውን የምትለብሱ፤ መቀሌ ስትነሣ መድኃኒት በካርቶን፣ ገንዘብ በማኅበር እንልካለን። ደግ ሥራ ነው፤ በርቱ። ዛሬ ግን የዶክተር ሰናይት ፍሥሐን መንገድ ላስታውሳችሁ።

ዶክተር ሰናይት በወጣትነታቸው አሜሪካ ገብተው፣ በሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንም ሕግንም ተማሩ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በማህፀንና ፅንስ፣ ቀጥሎም በመካንነት ሕክምና ሠልጥነው እዚያው ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ቢረኩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መለሱ። ሁለት ሳምንት በሽተኛ አይቶ መመለስ አልበቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከሚሺጋን ጋር በመተባበር ተጀመረ፤ ሰብስፔሻሊቲውም ተከተለ። በ2019 በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል በዚያው ግቢ ተከፈተ። ልጅ ፍለጋ ጥሪቷን ሸጣ ባንኮክ ለምትሄድ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ያውቁታል። በሥራው አብረው የደከሙት ዶክተር ሊያ ታደሰም በኋላ የጤና ሚኒስትር ሆኑ።

አሁን ወደ መቀሌ ልመለስ። አይደር የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በሰፈሩ ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ሲወድቅ ነው። ዛሬ በዚያው ሰፈር ስም የሚጠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀመረ፤ የትግራይን ብቻ ሳይሆን የአፋርንና የሰሜን አማራን ታካሚ ይቀበላል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም የሚወጡት ከዚያ ነው። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ኦክስጅን ጠፋ፣ ጓንት ታጥቦ ተመለሰ፣ ሐኪሙ ያለ ደመወዝ ሠራ። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ገባ። የተሰደደው መምህር ግን በካርቶን አይላክም። ሲኒየር የሌለው ሬዚደንት ማን እጁን ይዞ ያሳየው? ሴት ሬዚደንቷስ ነገ ፕሮፌሰር እንደምትሆን የምታምነው ማንን አይታ ነው?

በዓመት አንድ ወር ሄዶ ማስተማር ለቻለ እሰየው። ላልቻለም መንገድ አለ፤ የመመረቂያ ጥናት ማማከር፣ አስቸጋሪ ኬስ አብሮ ማየት። በአሜሪካ የበጋ ወራት ሲያትል ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ መቀሌ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ልጆቻችሁ ተኝተዋል፤ እዚያ ሬዚደንቶቹ ለጠዋቱ ስብሰባ እየተቀመጡ ነው።