የእንጦጦን መንገድ የሚሄደው ማን ነው?

በመዝናኛ የእግር መንገዶች ላይ ስለሚገኙ ጎብኚዎች ለሚያጠና ተመራማሪ ቀላሉ ዘዴ መጠይቅ ይዞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በመግቢያው በር መቆም ነው። በእንጦጦ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል የሚል እምነት አለኝ።

ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ አስቀድሞም ተራራው የራሱ መንገደኞች ነበሩት። ገና ሳይነጋ አትሌቶች ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ ላይ ይለማመዱበታል፤ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወጡበታል፤ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ተራራውን ከሸፈነው ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙ እናቶች ሸክማቸውን አዝለው ይወርዱበታል። እነዚህን እናቶች «ጎብኚ» ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ መንገዱን ግን ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል።

«ለምን መጡ?» ለሚለው ጥያቄ የተለመዱት አማራጮች መዝናናት፣ ጤና፣ ተፈጥሮን ማድነቅ ናቸው። ለጠበል የወጣ ሕመምተኛ የትኛውን ይምረጥ? «ጤና» ቢል አልዋሸም፤ አጥኚው ግን ከስፖርተኞች ጋር ይደምረዋል።

ጉዳዩ ከአሰያየም ያልፋል። አጥር የት እንደሚታጠር፣ ክፍያ ከማን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው አቋራጭ እንደሚዘጋ ሲወሰን በማስረጃነት ሊቀርብ የሚችለው እንዲህ ያለው አኃዝ ነው። ስለሆነም ቆጠራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ፣ በሥራ ቀናትም፣ ከበሩ ርቀው በሚገኙ አቋራጮች ጭምር ሊካሄድ ይገባል፤ የመጡበትም ምክንያት ያለ አማራጭ ተጠይቆ በመላሹ ቃል ይጻፍ። ሸክም ያዘለችን እናት መንገድ ላይ ማስቆም ግን ነውር ነው፤ ቁልቁለቱን ጨርሳ ሸክሟን ስታወርድ መጠየቅ ይሻላል።