ትራውቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ውሃው

ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። ጎኑ ነጠብጣብ ነው፣ ሥጋው ይጣፍጣል ይባላል። ፈረንጆቹ እሱን ለመያዝ ብለው በብርድ እስከ ወገባቸው ወንዝ ውስጥ ገብተው ግማሽ ቀን ይቆማሉ። ታዲያ የኛ ሰው ይህን በቪዲዮ ባየ ቁጥር አንድ ሐሳብ ብልጭ ይልበታል። «እኛስ? ደሴን የሚያህል ብርድ አገር ይዘን፣ ይሄ ሁሉ ወንዝ ከተራራ እየወረደልን፣ ትራውት አምጥተን ብንለቅበት ቱሪስቱ አይጎርፍም ነበር?» ይህን ከአንድም ሁለት ሦስት ወዳጆቼ ሰምቻለሁ። ሁሉም ለአገራቸው አሳቢዎች ናቸው፣ ከሻይው ጋርም ሐሳቡ ጥሩ ይሄዳል።

እኔ ግን አልስማማም። ትራውትን ጠልቼው አይደለም፤ ምኑን አውቄው እጠላዋለሁ? የማልስማማው፣ የጎደለን ዓሣ ሳይሆን ውሃ ስለሆነ ነው። የዓሣን ትምህርት ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ከማንም አገር መዋስ አያስፈልጋቸውም፤ አጠገባቸው ሐይቅ አለ፣ በመካከላቸውም ቦርከና ይፈሳል።

አስቀድመን አንድ የቃል ነገር እናጥራ። የፈረንጆቹን «ዊንተር» ክረምት ብለን ስንተረጉመው የራሳችንን ወንዝ እንረሳለን። የእነሱ ዊንተር ታኅሣሥና ጥር ነው፣ የእኛ በጋ። የእኛ ክረምት ደግሞ ቦርከና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቀይ ጭቃ ለብሶ የሚወርድበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ «በክረምት ትራውት ማጥመድ» የሚለውን ሰምቶ መንጠቆውን ይዞ ነሐሴ ላይ ቦርከና የሚወርድ ሰው ካለ፣ ዓሣ ሳይሆን ጎርፍ ነው የሚይዘው (እሱን ከያዘው በኋላ ማለት ነው)።

ፈረንጆቹ አገሩ በረዶ በሆነበት ወቅት እንዴት ያጠምዳሉ? ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ግድብ ነው። ትልልቅ ግድቦች ውሃውን የሚለቁት በአብዛኛው ከታች፣ ከጥልቁ ነው። ጥልቁ ውሃ ከወቅት ወቅት ብዙም አይለዋወጥም፤ ላዩ ሲሞቅ እሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ላዩ በረዶ ሲሠራ እሱ አይረጋም። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም ዓመቱን ሙሉ ለትራውት ይመቻል። አሜሪካ ውስጥ በአርካንሳስ ግዛት ኋይት በሚባለው ወንዝ ላይ ቡል ሾልስ የተባለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1951 ተጠናቀቀ። ዛሬ አጥማጁ ከየአገሩ የሚጓዝበት የትራውት ወንዝ ያለው ከዚያ ግድብ በታች ነው።

ቪዲዮው የማይነግረን ግን ሌላ አለ። ወንዙ ድሮ የሞቀ ውሃ ወንዝ ነበር፣ የራሱም ዓሣ ነበረው። ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ቀዝቃዛ ውሃ ያንን ዓሣ ጎዳው። መንግሥት ለካሳ ብሎ ማራቢያ ጣቢያ አቋቁሞ ትራውት መልቀቅ ጀመረ፣ እስከ ዛሬም በየጊዜው እያራባ ይጨምርበታል። እኛ በቪዲዮ አይተን የምንቀናበት ዓሣ እንግዲህ የጠፋ ዓሣ ምትክ ነው። ሒሳቡ ተከፍሎበታል፣ እየተከፈለበትም ነው።

«እሱ አሜሪካ ነው፤ እኛ አገርስ ባሌ ላይ ትራውት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኬንያ እየመጣ ባሌ ተራሮች ላይ፣ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉት ወንዞች ተለቀቀ፤ ተራብቶም ኖረ። ይሁንና ባሌን ለትራውት ያበቃው ብርዱ ብቻ አይደለም። ከላይ የሳነቲ አምባ አለ፣ ረግረጉ አለ፣ የአስታው ጫካ አለ። ያ ሁሉ እንደ ስፖንጅ ዝናቡን መጥጦ ይይዝና በጋውን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያለ ይለቀዋል። ባሌ የታደለው መጀመሪያ ያንን ነው፣ ዓሣው ኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

የኛ ተራሮች ደግሞ ራቁታቸውን ከሆኑ ቆዩ። ከኮምቦልቻ በላይ እንዳለው እንደ የጎፍ ደን ካሉት ጥቂት ቦታዎች በቀር ዝናቡን የሚያቆየው ነገር የለም። ነሐሴ ላይ የጣለው ዝናብ በሰዓታት ውስጥ የገበሬውን አፈር ተሸክሞ ይሄዳል፤ የካቲት ላይ ብዙው ወንዝ ጠጠር ይሆናል። በጠጠር ላይ የሚዋኝ ትራውት እስካሁን አልተገኘም። ቢገኝ እንኳ እንግዳ ዝርያ በውሃ ላይ መልቀቅ የጨዋታ ነገር አይደለም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች ባወጡት የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ቀስተ ደመናው ትራውትም ቡናማው ትራውትም ተካተዋል። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው የቲቲካካ ሐይቅ ላይ ትራውት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተለቀቀ፤ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖር የነበረ አንድ ትልቅ የአገሬው ዓሣ ዛሬ የለም።

ደግሞስ ለምን ቲቲካካ ድረስ እንሄዳለን? ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን ሐይቅን እንይ (ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ፤ ወሎ በስም አይቸገርም)። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳማቸውን ያቀኑበት፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋና ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ውሃ ነው። ዛሬ ሰው «የሐይቅ ዓሣ» ሲል በአብዛኛው ቀረሶ ማለቱ ነው። ቀረሶ ግን የሐይቁ ጥንታዊ ነዋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ሰው አምጥቶ የለቀቀው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አምባዛና አነስተኛ ዓሣ ነበር። ኋላ ደግሞ ካርፕ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ እንደሚይዘኝ አውቃለሁ። «ይኸው! ዓሣ ተለቀቀ፣ ሕዝብ በላ፣ ወጣቱ ሥራ አገኘ። ታዲያ ትራውት ምን ኃጢአት አለው?» ይላል። እውነት አለው። የሐይቅ ቀረሶ ብዙ ቤት አብልቷል። በታንኳ የሚወጣው፣ መረብ የሚሠራው፣ ዓሣ የሚያጸዳው፣ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚጭነው ሁሉ እንጀራው ከእሱ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ሁዳዴ ሲገባ ገበያው እንዴት እንደሚደራ እናውቃለን። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ገበታ ላይ እኩል የሚቀርብ ሥጋ ስለሆነ ደግሞ ለወሎ የተለየ በረከት አለው።

የከፈልነውን ግን አብረን እንቁጠር። ቀረሶው ከመለቀቁ በፊት የተደረጉ ጥናቶች የሐይቁ ውሃ እጅግ ጥርት ያለ እንደነበር ይናገራሉ። በኋላ የተጠናው ግን አረንጓዴ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ያንን አረንጓዴ የሚግጡ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ፍጥረታት አሉ፤ ዓሣው እነሱን ሲበላቸው አረንጓዴው ከልካይ ያጣል። ከየእርሻው የሚታጠበው አፈር ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ የታችኛው ውሃ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ያጥረዋል። በበጋው ብርድ ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላዩ ውሃ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ዓሣ አየር አጥቶ ያልቃል። በቢሾፍቱ ሐይቆችም በእኛም ሐይቅ ዓሣ ሞቶ የተንሳፈፈባቸው ጊዜያት ነበሩ። ፈረንጅ በዊንተር ዓሣ ያጠምዳል፤ የእኛ ሐይቅ በዚያው ወቅት ሊያጣ የሚችለውን የሚያስብ ግን የለም።

ሌላው ዕዳ መረቡ ነው። በሐይቁ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ቀረሶው ከመጠን በላይ እየተጠመደ መሆኑን አመልክተዋል። የቀረሶን ጠባይ ለማያውቅ እነሆ፦ እናቲቱ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ይዛ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እሷ በመረብ ስትወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆቿ አብረው ይወጣሉ። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችው ትያዛለች። ለዚህ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ወረቀቱ አለ፣ ውሃው ዳር የሚቆም ሰው ግን የለም።

ወደ ታች እንውረድ። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ተንደርድሮ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ትራውት ይለቀቅበት የሚባለው ወንዝ እንግዲህ ይሄ ነው። ደሴ ቆሻሻዋን ትሰጠዋለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሿን። ከተማዋን አቋርጠው ወደ እሱ በሚገቡት በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ዚንክ ያሉ ብረቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር እንደሚገቡባቸው አሳይተዋል። ከዚያ ውሃው ጨፋን አልፎ፣ ከብት አጠጥቶ፣ አትክልት አብቅሎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ አፋር ውስጥ ተንዳሆ ግድብ ላይ ይተኛል። እኛ እዚህ የደፋነውን እዚያ የግድቡ ዓሣ ይጠጣዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል። ግድብ የሚሰበስበው ውሃ ብቻ አይደለም።

ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ፣ ስንት ቤት በዚያ ደመወዝ እንደሚያድርም አውቃለሁ። «ሥራ ወይስ ወንዝ?» ብሎ የሚጠይቀን ግን ያታልለናል። የሚከለከለው ማምረት ሳይሆን ያልተጣራ ፍሳሽ መልቀቅ ነው። ማጣሪያ ዋጋ እንዳለው አይካድም። ዛሬም ዋጋው እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ፋብሪካው ሳይሆን ጨፋ ላይ ላሙን የሚያጠጣው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን? የኔ ጥያቄ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ሐይቅም አርዲቦም ላይ የመረብ ዓይን ይለካ፤ ጠባቡ ይሰብሰብ፣ ለአስጋሪውም በምትኩ ሰፊው ይሰጠው። መረቡን ነጥቆ ባዶ እጁን መስደድ ሌሊት እንዲያሰግር ማስተማር ነው። ሁለተኛ፣ ዓሣው የሚራባባቸው የዳር ቦታዎች ተለይተው፣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው የተስማሙበት የዕረፍት ወራት ይኑራቸው፤ የውሃውን ጠባይ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ስብሰባው በእነሱ ይጀመር። ሦስተኛ፣ ከየፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ በየጊዜው ይመርመር፣ ውጤቱም የኮምቦልቻ ሰው በሚያነበው ቦታ ይለጠፍ። አራተኛ፣ ማንም ሰው፣ በጎ አሳቢም ቢሆን፣ በጀሪካን ዓሣ ይዞ መጥቶ ውሃችን ላይ አይድፋ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ዓሣ ጨማሪም ሊያወጣ ይችላል።

ቱሪስቱስ? ቱሪስት የሚመጣው አገር ሰላም ሲሆን ነው፤ ያንን ከዓሣ አንጠብቅ። ሰላሙ ሲመጣም መንጠቆ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሐይቅ ቀረሶና አምባዛ አለው፣ ከበቂ በላይ ነው። ተራራው ደን ለብሶ፣ ወንዙ በየካቲት መፍሰስ ሲጀምር ደግሞ የትራውቱን ነገር ልጆቻችን ይከራከሩበት። ያን ጊዜ ምናልባት አያስፈልገንም ይላሉ።

እስከዚያው አንድ በእጃችን ያለ ነገር አለ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዓሣ ቤት ገብታችሁ መዳፍ የማይሞላ ቀረሶ ሳህን ላይ ከቀረበላችሁ መልሱት። አስተናጋጇን ሳይሆን ባለቤቱን ጠርታችሁ ለምን እንደመለሳችሁት ንገሩት። ትንሹን የሚገዛ ሲጠፋ ትንሹን የሚያጠምድም ይቀንሳል፤ ለዚህ አዋጅም በጀትም አያስፈልግም።

ቸር እንሰንብት!