አምስት ሲቀነስ አራት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2021 በጃፓን ፉጂ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ አንዲት ብስክሌተኛ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የመጨረሻውን መስመር አለፈች። ኔዘርላንዳዊቷ አኔሚክ ቫን ቭሉተን ነበረች። ከአምስት ዓመት በፊት በሪዮ ኦሊምፒክ ውድድሩን እየመራች ቁልቁለት ላይ ወድቃ ሆስፒታል የገባች ሴት ናት። በቶኪዮ ግን ያ ሁሉ ቁስል የተካሰ መሰለ። የኦሊምፒክ ወርቅ በእጇ ገባ፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ አስባለች። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። አሸናፊዋ ከገባች 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አልፎ ነበር።

ወርቁን የወሰደችው ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር ናት። ቫን ቭሉተን ይህቺ ሴት ከፊቷ መኖሯን አላወቀችም። ነገሩን ይበልጥ «ጉድ» ያሰኘው ደግሞ የአሸናፊዋ ሙያ ነው። ኪዘንሆፈር በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያላት፣ በወቅቱ በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተመራማሪነት የምትሠራ ሴት ነበረች። ከፕሮፌሽናል ቡድን ጋር ውል አልነበራትም። አሰልጣኝም አልነበራትም፤ የልምምድ ፕሮግራሟን የምታወጣው ራሷ ነበረች። ለኦስትሪያ በዚያ ውድድር የተሰለፈችውም እሷ ብቻ ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌተኞች የቀልድ እጥረት አላጋጠማቸውም። የሂሳብ ዶክተሯ ያሸነፈችው ሌሎቹ መቁጠር ስላቃታቸው ነው ተባለ። ቀልዱ ያስቃል። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። እዚያው ላይ ከተቆመ አንዲት ጀግናን ዕድለኛ፣ ሌላዋን ደግሞ ሞኝ አድርጎ ያስቀራል። ሁለቱም አይደሉም።

የሆነው እንዲህ ነው። ውድድሩ 137 ኪሎ ሜትር ነበር። ገና ሲጀመር አምስት ሴቶች ከዋናው ግሩፕ አፈትልከው ወጡ። የኦስትሪያ፣ የፖላንድ፣ የእስራኤል፣ የደቡብ አፍሪካና የናሚቢያ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ትልልቆቹ ቡድኖች «ተዋቸው፣ የት ይደርሳሉ!» በሚል መንፈስ ለቀቋቸው። ልዩነቱም ከ10 ደቂቃ በላይ ሰፋ። ከአምስቱ ሁለቱ ቀድመው ተንጠባጠቡ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ኪዘንሆፈር የቀሩትን ሁለት ጓደኞቿን ጥላ ብቻዋን ነጎደች። ከኋላ የነበሩት ደግሞ ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ እነዚያን ሁለቱን ያዙና «አበቃ፣ ሁሉንም ይዘናል» ብለው አመኑ።

አምስት ወጡ። አራት ተያዙ። አምስት ሲቀነስ አራት ስንት ነው? የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ያንን ጥያቄ ከዓለም ኮከቦች የተሰበሰበው የኔዘርላንድ ቡድን ወደቀበት። በኦሊምፒክ ላይ እንደ ሌሎቹ ውድድሮች በጆሮ የሚሰካ የሬዲዮ መገናኛ አይፈቀድም። ስለዚህ ልዩነቱን የሚነግራቸው አሰልጣኝ በጆሯቸው አልነበረም። ሂሳቡን በራሳቸው ጭንቅላት መሥራት ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ነው የብስክሌተኞችን ቀልድ በቅጡ መረዳት የሚያስፈልገው። ብስክሌተኛ በቁጥር ሲቀልድ እንደ እግር ኳስ ደጋፊ በውጤት አይደለም የሚቀልደው። ራሱ ላይ ነው። ከቀልዶቻቸው ሁሉ የታወቀው የብስክሌት ብዛት ቀመር ነው። አንድ ሰው ስንት ብስክሌት ያስፈልገዋል? መልሱ «አሁን ያለው ሲደመር አንድ» ነው። ምንም ያህል ቢኖረው ቀመሩ አይለወጥም። ጣሪያ ግን አለው። ሚስቱ ጥላው የምትሄድበት ቁጥር ሲቀነስ አንድ!

ሌላው ቀልድ አዲስ ጋላቢን ለማፋጠጥ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። የ20 ኪሎ ሜትር አቀበት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዝክ ወጣህ እንበል። ቁልቁለቱም ያው 20 ኪሎ ሜትር ነው። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነትህ 40 እንዲሆን በስንት ፍጥነት መውረድ አለብህ? አብዛኛው ሰው ሳያስብ «60» ይላል። እንዲያውም በ60 ቢወርድ አማካዩ 30 ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ ደግሞ «አይቻልም» ነው። ምክንያቱም 40 ኪሎ ሜትርን በአማካይ 40 ለመጨረስ የሚበቃው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ አናት ላይ ስትደርስ አልቋል። ስለዚህ ሳትወርድ ታች መድረስ ይጠበቅብሃል።

ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን መራራ ነው። አቀበት ላይ የጠፋ ደቂቃ ቁልቁለት ላይ አይመለስም ማለት ነው። ነፋሱም የራሱ ሂሳብ አለው። በሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነትን በእጥፍ ለመጨመር ነፋሱን የሚገፋው ጉልበት ስምንት እጥፍ ማደግ አለበት። በግሩፕ ውስጥ ከሌላው ጀርባ የተደበቀ ጋላቢ እንደ ሁኔታው የጉልበቱን ሲሶ ያህል ይቆጥባል። ብቻውን የወጣ ግን ሁሉንም ከኪሱ ይከፍላል። ብስክሌተኛ ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆም ይወጣል። የሚቀልደውም ለዚህ ነው፤ ሂሳቡ ሁልጊዜ በእሱ ላይ ስለሚፈርድ!

የአእምሮው ነገር ደግሞ ከእግሩ ይብሳል። በአራተኛው ሰዓት ላይ ደም ወደ እግር ሲሮጥ፣ ስኳር ከሰውነት ሲሟጠጥ፣ ሁለት ሲደመር ሁለት ራሱ ፈተና ይሆናል ብለው በራሳቸው ይስቃሉ። «ይቺ የመጨረሻዋ አቀበት ነች» መባባልም ልማድ ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። በገጠር መንገድ ላይ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባላገሩ «እዚህችው ነች» ካለ ገና ግማሽ ቀን ይቀራል። ቢሆንም ቃሉ ያራምዳል። ውሸቱ ለእግር ሳይሆን ለጭንቅላት የሚሰጥ ስንቅ ነው።

በዚህ ስንቅ ከሚታወቁት አንዱ ጀርመናዊው የንስ ፎይግት ነው። ሕመሙ ሲበረታበት እግሮቹን «ዝም በሉ!» ብሎ ይቆጣቸው እንደነበር ራሱ የተናገረው ነገር በብስክሌተኞች ዘንድ መፈክር ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014፣ 43 ዓመት በሞላው ማግስት፣ የአንድ ሰዓት ሪከርድ ሊሰብር ስዊዘርላንድ ውስጥ ትራክ ላይ ወጣ። ተቀናቃኝ የለም፤ አቀበት የለም፤ የሚታይ ነገር የለም። ከ200 ዙር በላይ ያንኑ መንገድ መዞር ብቻ ነው። 51 ኪሎ ሜትር ከ110 ሜትር ሸፍኖ ሪከርዱን ያዘና ብስክሌቱን ሰቀለ። ሪከርዱ የቆየው ስድስት ሳምንት ነው። ቀልዱ ግን ዛሬም አለ።

አንዳንዱ ደግሞ ቁጥርን በቀልድ ሳይሆን ባለመስማት ነው ያሸነፈው። በ1989 ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞ በ50 ሰከንድ ይመራ ነበር። የቀረው ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚፋለምበት፣ ብስክሌተኞች ክሮኖ የሚሉት ውድድር ነው። አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ለማሸነፍ በየኪሎ ሜትሩ ከሁለት ሰከንድ በላይ መቀነስ ነበረበት። ሂሳቡ «አይሆንም» ይላል። ሌመንድ ምን አደረገ? ከኋላው ለሚከተለው መኪና ሰዓቱን እንዳይነግሩት አዘዘ። ልዩነቱን ሳያውቅ የሞት ሞቱን ጋለበ። በዚያች አጭር መንገድ ፊኞን በ58 ሰከንድ በለጠው፤ ቱሩንም በ8 ሰከንድ አሸነፈ።

8 ሰከንድ ከ3,285 ኪሎ ሜትር በኋላ! በውድድሩ አማካይ ፍጥነት ሲሰላ 83 ሜትር ገደማ ነው። ከፓሪስ ደርሶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራራ የወጣ ሰው የተሸነፈው አንድ የእግር ኳስ ሜዳ በማይሞላ ርቀት ነው። ሌመንድ ነፋስ የሚሰነጥቅ የእጅ መደገፊያና ሹል የራስ መከላከያ ነበረው፤ ፊኞ ግን ራሱን ሳይሸፍን ፀጉሩን ከኋላ አስሮ ነው የጋለበው። «ያቺን ጅራት ቢቆርጣት ኖሮ...» የሚለው ቀልድ ያኔ ነው የተወለደው። ፊኞ በ2010 በካንሰር እስኪሞት ድረስ ያቺ 8 ሰከንድ አልተወችውም። በሕይወት ታሪኩ እንዳስነበበው፣ ሰዎች «በ8 ሰከንድ የተሸነፍከው አንተ ነህ አይደል?» ሲሉት፣ እሱ ቱሩን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው መሆኑን ይመልስላቸው ነበር። በ1983 እና በ1984 አሸንፏል። የሰው ሂሳብ ግን ሁለቱን ድል ትቶ ስምንቷን ሰከንድ ይቆጥራል።

እንግዲህ ወደ ቶኪዮ ስንመለስ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ኪዘንሆፈር የረሷት ስለሆነች ብቻ አይደለም ያሸነፈችው። የመጨረሻውን 40 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ነፋስ እየገፋች፣ ከኋላዋ የዓለም ምርጦች እየመጡ፣ ጉልበቷን ሳታባክን ከፍላ ጨርሳለች። ለዚያ የረዳት የዶክትሬት ጽሑፏ አይደለም። ራሷ አቅዳ፣ ራሷ ለክታ፣ ራሷን አምና መሄዷ ነው። ሌሎቹ ቁጥሩን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው ለምደው ነበር፤ ነጋሪው ሲጠፋ ቁጥሩም ጠፋ። ቫን ቭሉተንም ሞኝ አይደለችም። በዚያው ውድድር ወድቃ ተነስታ፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ የጋለበች ሴት ናት። ጭንቅላቷ ቢደክም ማን ይፈርድባታል?

የእግር ኳስ ሰው በዚህ ከመሳቁ በፊት የራሱን ደብተር ቢያይ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ ለ2012 የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈ መስሎት ሜዳ ላይ ጨፈረ። ነጥብ እኩል ሲሆን ቅድሚያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት መሆኑን ያሰላ አልነበረም። ያለፈችው በግብጽ 3 ለ 0 የተረታችው ኒጀር ሆነች። ተጫዋቾቹ ግብ ፍለጋ መሮጥ ሲገባቸው ሰዓት ሲገድሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2013 ዋሊያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ የደቡብ አፍሪካ ቡድን 2 ለ 1 ሲረቱ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ታለፈ ተባለ። ጭፈራው ሳይበርድ በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አሳወቀ። ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፤ 13 የነበረው 10 ሆነ። ቡድኑ በቀጣዩ ጨዋታ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ባያልፍ ኖሮ ያቺ ስሕተት እስከ ዛሬ ታንገበግብ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያቆማል። ቶኪዮ ላይ የተሳሳቱት ሰዎች ፔዳል ላይ ነበሩ፤ ላብ ዓይናቸውን ሸፍኖት፣ ሳምባቸው ሊፈነዳ ደርሶ። የቢጫ ካርድ መዝገብ ግን የሚያዘው በወንበር ላይ፣ በጥላ ሥር፣ ሻይ እየተጠጣ ነው። የተጠየቀው ሂሳብም አምስት ሲቀነስ አራት እንኳ አይደለም፤ አንድ ሲደመር አንድ ነው። ብስክሌተኛ ሲሳሳት ራሱ ላይ ቀልዶ ዋጋውን ራሱ ይከፍላል። ቢሮ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ሜዳ ላይ የተጋደለው ተጫዋችና ዝናብ እየወረደበት ወረፋ የተሰለፈው ደጋፊ ነው። በድካም የመጣ ስሕተት ይቅር ይባላል፤ በቸልተኝነት የመጣ ግን በሳቅ መታለፍ የለበትም።

ቫን ቭሉተንስ? ስሕተቷን አልካደችም፤ መስሎኝ ነበር ብላ ተናገረች። ከሦስት ቀን በኋላ በክሮኖው ተመልሳ ወጣች። እዚያ የሚቆጠር ሰው የለም፤ ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ወርቁን ወሰደች። በዚህኛው ግን ውጤቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ጠበቀች።